ዜብራ ፕሌኮ በግማሽ ዋጋ፦ «ከወንዝ የወጣ ነው» ይለኛል ሻጩ

ሸጋው (ዱባይ)

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ። አንድ ነገር ላማክራችሁ። ዜብራ ፕሌኮ ስፈልግ ቆይቻለሁ። ያቺ ነጭና ጥቁር መስመር ያላት፣ ከጣት የማትረዝመው የብራዚል ዓሣ። ሱቅ ስጠይቅ ዋጋዋ አይቀመስም። ሰሞኑን አንድ ሰው በቴሌግራም አገኘኝና «ስድስት አሉኝ፣ በግማሽ ዋጋ ውሰድ» አለኝ። «ቤት የተራባ አይደለም፣ ኦሪጅናል ነው፣ በቀጥታ ከወንዝ የወጣ» እያለ ያሞግሳቸዋል። ፎቶ ልኮልኛል። ያምራሉ፣ ትንሽ ግን የከሱ ይመስላሉ። ሁለቱን አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ልልክለት አስቤያለሁ። እሱ ጥሩ ባለ 200 ሊትር አኳሪየም አለው። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ሚሚ ቨርጂኒያ

ይቅርብህ። «ከወንዝ የወጣ» ካለህ እኮ ኮንትሮባንድ መሆኑን በራሱ አፍ ነገረህ። ምን ምስክር ትፈልጋለህ?

የዝዋይ ልጅ

ቆይ ቆይ፣ ፕሌኮ ማለት ያ መስታወት የሚልሰው አይደል? እኔ ጋ አንድ አለ፣ ክንዴን አክሏል። ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ ብር? ኑና በነፃ ውሰዱት 😂

ሚሚ ቨርጂኒያ

@የዝዋይ ልጅ ያንተው ሌላ ነው። ያ ቴሪጎፕሊክቲስ ነው፣ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። ሱቅ ውስጥ ሕፃን ሆኖ ስታየው ያሳዝንሃል፣ ቤትህ ሲገባ ገንዳውን ይወርስሃል። ዜብራዋ ግን ብታድግ ብታድግ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነች። አደራ ታዲያ፣ ያንተውን ሐይቅ ውስጥ እንዳትጥለው። ሆዱ አየር ስለሚተነፍስ ውኃው ቢቆሽሽም አይሞትም። ፍሎሪዳና ሜክሲኮ ውስጥ የወንዙን ዳር እየቦረቦረ ሰው አስመርሯል፣ ለአጥማጅም መረብ ቀዳጅ ሆኗል። እምቦጭም ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ጌጥ ነበር፣ ጣና ላይ ምን እንዳደረገን ታውቃለህ።

የዝዋይ ልጅ

ኧረ አልጥለውም። ስሙ ራሱ «ጎረምሳው» ነው፣ ከቤተሰብ ተቆጥሯል።

ጋሼ ገንዳ (አወያይ)

ልጅ ሸጋው፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳህ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ዜብራ የአምባዛ ወገን ነች። የኛ አምባዛ ልሙጥ ቆዳ ነው ያለው። እነዚህ ሎሪካሪዴ የሚባሉት ግን ጥሩር ለብሰው ነው የሚኖሩት። ገላቸውን የሸፈነው ቅርፊት አይደለም፣ በረድፍ የተደረደረ የአጥንት ሰሌዳ ነው። ስትነካቸው ይሻክራሉ። በመረብ ከያዝካቸው የክንፋቸው እሾህ መረቡ ላይ ተሰክቶ ያስለቅስሃል፣ ስለዚህ በኩባያ ነው የሚያዙት። ቤተሰባቸው ሰፊ ነው፣ ከኮስታ ሪካ እስከ አርጀንቲና ድረስ አሉ።

ዜብራዋ ግን በዓለም ላይ ያላት ቤት አንድ ነው። ብራዚል፣ ፓራ ግዛት፣ ሺንጉ ወንዝ። ከአልታሚራ ከተማ በታች ወንዙ ትልቅ መታጠፊያ ይሠራል፣ ቮልታ ግራንዴ ይሉታል። ቦታው አለትና ፈረሰኛ ውኃ ነው። አለቱ ተሰነጣጥቋል። ዓሣዋ ቀን ስንጥቁ ውስጥ ተደብቃ ትውላለች፣ ሲመሽ ወጥታ ትበላለች። የአገሩ አጥማጆች በመረብ አያገኟትም። ጀልባ ላይ ካለ ኮምፕሬሰር በቱቦ አየር እየሳቡ ይጠልቁና ከስንጥቁ አንድ በአንድ ያወጧታል። አደገኛ ሥራ ነው።

ሳይንስ ሂፓንሲስትረስ ዜብራ ብሎ የመዘገባት በ1991 ነው፣ ኢስብሩከርና ኔይሰን የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች። ነጋዴው ግን ቀድሞ አውቋት ነበር። ዳትስ የሚባል የጀርመን የዓሣ መጽሔት ከ1988 ጀምሮ ገና ስም ላልወጣላቸው ፕሌኮዎች ቁጥር ይሰጥ ነበር፣ የእሷ ኤል-46 ሆነ። ዛሬም ሻጩ በዚያው ቁጥር ነው የሚጠራት።

እንዲህ ዓይነት ቆንጆ ነገር አንድ ቦታ ብቻ ሲገኝ ምን እንደሚከተል ታውቀዋለህ። ፈላጊው በዛ፣ አጥማጁ በዛ። በ2004 ብራዚል ከአገር እንዳትወጣ ከለከለች። ዋጋው ሰማይ ወጣ፣ ኮንትሮባንዱም አብሮት። ከአልታሚራ ወደ ማናውስ፣ ከማናውስ ወደ ታባቲንጋ፣ ከዚያ ድንበሩን ተሻግሮ ኮሎምቢያ፣ ሌቲሲያ ከተማ። ትንሽ ላስቲክ ውስጥ ታሽጋ፣ ሻንጣ ውስጥ ተደርድራ። ሌቲሲያ ስትደርስ «የኮሎምቢያ ዓሣ» የሚል ወረቀት ይወጣላታል። ኮሎምቢያ ውስጥ ግን አንዲት ዜብራ በተፈጥሮ የለችም።

የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠር ሳይቲስ የሚባል ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። በ2017 ብራዚል የሳይቲስ አባሪ ሦስት ላይ አስመዘገበቻት። በ2022 መጨረሻ ፓናማ ላይ በተደረገው ጉባኤ ደግሞ ወደ አባሪ ሁለት ከፍ አለች። ከወንዝ ተይዛ ለንግድ እንድትወጣ የተፈቀደው ኮታ ዜሮ ነው። ስለዚህ ያንተ ሰውዬ «ኦሪጅናል» ያለህ ዓሣ ሕጋዊ የሆነ መንገድ የለውም።

ሸጋው (ዱባይ)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ እንዳትቆጡኝ። ዓሦቹ አንዴ ወጥተዋል፣ ወደ ሺንጉ አይመለሱም። እኔ ባልገዛ እዚያ ሰውዬ ቤት ባልዲ ውስጥ ይሞታሉ። እኔ ጋ ቢሆኑ ቢያንስ ይኖራሉ። ይሄ ማዳን አይባልም?

ቦሌ ሚካኤል

እኔም ይሄን ልል ነበር። ያውም ወንዙ ራሱ በግድብ ምክንያት እየደረቀ ነው ይባላል። ወጥተው በሰው ገንዳ መኖራቸው አይሻልም?

ሚሚ ቨርጂኒያ

ስድስቱን ስትገዛው ሰውዬው ገንዘቡን ይዞ ሌላ አሥራ ሁለት ያዝዛል። ያዳንከው ስድስት፣ ያስወጣኸው አሥራ ሁለት። ለዚያውም ሻንጣ ውስጥ የሞቱትን ማንም አይቆጥራቸውም። አጥማጁ ደግሞ ሳንባውን ሸጦ የሚያገኘው ፍርፋሪ ነው፣ ትርፉ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው።

ሌላው ደግሞ ያልገባኝ፣ ቤት የተራባው ምን ጎደለው? ያው ዓሣ ነው፣ ያው መስመር ነው። ኢንዶኔዥያ በብዛት ያራቡታል። ጀርመንና እዚህ አሜሪካ ምድር ቤት ውስጥ የሚያራቡ ሰዎች ሞልተዋል። አልታሚራ ራሷ ላይ ያለው የፓራ ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ አራብቷታል። ቤት የተወለደ ዓሣ የቧንቧ ውኃ ለምዷል፣ የደረቅ ምግብ ለምዷል፣ ጥገኛ ትል ይዞ አይመጣም። «ኦሪጅናል» የሚሉት ቃል ለጫማ ነው የሚሠራው።

ይልቅ ፎቶውን እስቲ ለጥፈው። ከሱ ያልከው አሳስቦኛል።

ሸጋው (ዱባይ)

[ፎቶ]

ሚሚ ቨርጂኒያ

እንደፈራሁት። ሦስተኛዋን ከሥር እያት። ሆዷ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ከክንፎቿ በስተኋላ ጉድጓድ ሠርቷል። ደህና ዜብራ ከሥር ስታያት ሆዷ ጠፍጣፋ ወይም ትንሽ ሞላ ያለ ነው። ዓይኗም ገባ ብሏል። ይቺ ምግብ ካየች ሰንብታለች። እንዲህ የሆነች ፕሌኮ ብታበላትም ብዙ ጊዜ አትነሳም።

አምስተኛዋ ደግሞ ዜብራ ራሷ አትመስለኝም። ነጩ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ መስመሩም ተቆራርጦ እንደ ካርታ ሆኗል። የእውነተኛዋ ዜብራ የጎን መስመር ከጭንቅላት ወደ ጅራት ገደድ ብሎ ጥርት ያለ ነው፣ አፍንጫዋ ላይ ደግሞ ሦስት ጣት ያለው ምልክት አለ። እኔ ኤል-333 ነው የምለው። እሱም የሺንጉ ዓሣ ነው፣ ያምራል፣ ዋጋው ግን በጣም ይወርዳል። ቀላቅሎ ነው የሚሸጥልህ።

የዝዋይ ልጅ

ሰውዬው ባለሙያ ነው ለካ 😂

ተርባይን

ስለ ግድቡ የተነሳውን ላብራራ፣ ሙያዬ ስለሆነ። አብዛኛው ሰው ግድብ ሲባል ወንዙ በውኃ ሲሞላ ነው የሚታየው። ቮልታ ግራንዴ ላይ የሆነው ግልባጩ ነው። ቤሎ ሞንቴ የሚባለው ፕሮጀክት ወንዙን ፒሜንታል ላይ ይዘጋዋል። ውኃው በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ቦይ ተቆርጦ መታጠፊያውን ይዘልና ወዲያ ማዶ ትልቁ ማመንጫ ላይ ይወርዳል። መታጠፊያው ከመሀል ይቀራል። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ወንዝ ማለት ነው። እስከ 80 በመቶ የሚደርሰው ውኃ በእሱ አያልፍም። አቅሙ 11,233 ሜጋ ዋት ነው። የመጀመሪያው ተርባይን በ2016 ሠራ፣ የመጨረሻው በ2019።

ዜብራ የምትኖረው ልክ እዚያ የቀረው ቁራጭ ላይ ነው። ችግሩ የውኃው መጠን ብቻ አይደለም። ድሮ ወንዙ በዝናብ ወራት ሞልቶ ደኑ ውስጥ ይገባ ነበር። ዓሦች ያን ተከትለው ነው የሚራቡት፣ ከዛፍ የሚወድቅ ፍሬ የሚበሉም አሉ። አሁን ሙላቱን የሚወስነው በር የሚከፍተውና የሚዘጋው ሰው ነው። እዚያው የሚኖሩት የጁሩና ሕዝቦች ዓሣውንና ውኃውን ራሳቸው እየለኩ ይመዘግባሉ። መራቢያ ቦታዎች ላይ እንቁላል ሲደርቅ ያሳዩት እነሱ ናቸው።

ተቃውሞው የቆየ ነው። በ1989 አልታሚራ ላይ በተጠራ ስብሰባ ቱይራ የምትባል የካያፖ ሴት የኤሌክትሪክ ኩባንያውን ኃላፊ ጉንጭ በገጀራ ጠፍጣፋ ጎን ስትነካው የሚያሳየው ፎቶ ዓለምን ዞሯል። ያኔ ፕሮጀክቱ ቆመ። ከሃያ ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ።

ቦሌ ሚካኤል

ታዲያ ለጣት ለማታህል ዓሣ ብለው ሚሊዮን ሰው በጨለማ ይቀመጥ? እኛንም እኮ እንዲሁ ሲሉን ነበር።

አባ መብረቅ

ጀመረ ደግሞ! ግድብ በተባለ ቁጥር ዘራፍ። ሰው ስለ ዓሣ እያወራ ነው።

ተርባይን

@ቦሌ ሚካኤል ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ ግን ሁለቱ አይገናኙም። ሕዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፣ ማመንጫው ግድቡ እግር ሥር ነው ያለው። ውኃው ተርባይን መትቶ እዚያው አባይ ላይ ይመለሳል። ቤሎ ሞንቴ መሀል ላይ ያለውን ወንዝ ዘልሎት ነው የሚያልፈው። ደግሞ ሺንጉ በደረቅ ወራት በጣም ስለሚቀንስ ያ ሁሉ ተርባይን ብዙ ወር በሙሉ አቅሙ አይሠራም። እዚያው ብራዚል ያሉ መሐንዲሶችም የሚተቹት በዚህ ነው። መብራት የሚጠላ ሰው የለም።

ጋሼ ገንዳ (አወያይ)

በቃ። የአባይን ጉዳይ ሌላ ክር ክፈቱለት። ሁለት መልእክት አጥፍቻለሁ፣ ማን እንደጻፋቸው ያውቃል። ወደ ዓሣው እንመለስ።

እንጦጦ ንፋስ

ሸጋው፣ ማንም ያላነሳው ነገር አለ። አዲስ አበባ ላለው ወንድምህ ልትልክ ነው ያልከው። እኔ አዲስ አበባ ነው ያለሁት፣ የሺንጉ ፕሌኮዎችን አሳድጋለሁ። ዜብራ አይደሉም፣ ጠባያቸው ግን አንድ ነው።

የሺንጉ ውኃ ሞቃት ነው። ዜብራ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ትፈልጋለች፣ ለመራባት ትንሽም ከዚያ በላይ። በዚያ ላይ ፈረሰኛ ውኃ ላይ ስለኖረች ኦክስጅን ትፈልጋለች። ውኃ ደግሞ ሲሞቅ ኦክስጅን መያዙን ይቀንሳል። ዱባይ ባሕር ጠለል ላይ ነህ፣ በ30 ዲግሪ አንድ ሊትር ውኃ 7.5 ሚሊ ግራም ያህል ይይዛል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ውኃ፣ በያው ሙቀት የሚይዘው 5.6 አካባቢ ነው። ሩቡ ጠፋ ማለት ነው፣ ገና ዓሣው ሳይተነፍስ። አውሮፓ የተጻፈ መመሪያ ላይ «አንድ ፊልተር ይበቃል» ሲሉህ ለራሳቸው ከፍታ ነው። እዚህ ፊልተሩም ኤር ፓምፑም ሌት ተቀን መሥራት አለበት። የውኃው ፊት መታወክ አለበት።

ከዚያ ደግሞ መብራት ይጠፋል። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ለሂተሩ ነው። ለሂተሩ አትጨነቅ፣ 200 ሊትር ውኃ ቶሎ አይበርድም፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው። የሚገድለው የአየሩ መቆም ነው። መጀመሪያ ዓሦቹ ከዋሻቸው ይወጣሉ። ቀን ዜብራ ሜዳ ላይ ካየህ ችግር አለ። ከዚያ ወደ ላይ ወጥተው መስታወቱ ላይ ይለጠፋሉ፣ የጉንጫቸው ክዳን ቶሎ ቶሎ ይመታል። እዚያ ከደረሰ ጊዜ የለህም። እኔ የመኪና ባትሪና ኢንቨርተር አለኝ፣ ኤር ፓምፑን ብቻ ነው የሚያስነሳው። ሌሊቱን ያሳድረዋል። ለወንድምህ ከዓሣው በፊት ይሄን ላክለት።

ውኃውም በፈረቃ ነው የሚመጣው። በመጣ ቀን በቀጥታ ከቧንቧ አይጨመርም፣ ክሎሪኑ አለ። ሮቶ ውስጥ አሳድሬ፣ አየር ነፍቼበት፣ ሙቀቱን አስተካክዬ ነው የምቀይረው።

ሸጋው (ዱባይ)

ወይ ጉድ! ከፍታውን በጭራሽ አላሰብኩትም። ወንድሜ ጄኔሬተር ያለው ግቢ ነው የሚኖረው፣ ግን ሌሊት ማን ያስነሳዋል። እሺ፣ ቤት የተራባ ከየት ላግኝ? ለመላክስ ወረቀት ያስፈልጋል?

ጋሼ ገንዳ (አወያይ)

ያስፈልጋል። ቤት የተራባም ቢሆን አባሪ ሁለት ነች፣ ድንበር ስትሻገር የሳይቲስ ፈቃድ ትፈልጋለች። ኤምሬቶችም ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ጉዳዩን የሚያየው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። በእጅ ሻንጣ ይዤ እገባለሁ የሚለውን ተወው።

ሻጭ ስትመርጥ ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቅ። አንደኛ፣ የወላጆቹን ፎቶ፣ ያሉበት ገንዳ ውስጥ የተነሳ። ሁለተኛ፣ መቼ እንደተፈለፈሉ። ዜብራ አዝጋሚ ነች፣ ሦስት ሴንቲ ለመድረስ ብዙ ወር ይፈጅባታል። «የሁለት ወር ነው» ብሎ አምስት ሴንቲ ዓሣ ካሳየህ ሸኘው። ሦስተኛ፣ ሲበሉ የሚያሳይ ቪዲዮ።

ወለተ ሺንጉ

ሰላም፣ ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ ነው። ዜብራ አራባለሁ፣ ሽቱትጋርት ነው ያለሁት። ስለ ምግብ ማንም አላለም። «ፕሌኮ ስለሆነች አረንጓዴውን ትላስ» ብሎ ባዶ ገንዳ ውስጥ የሚያስገባት ሰው ብዙ ነው። ዜብራ አልጌ አትበላም ማለት ይቻላል። ጥርሷ ጥቂት ነው፣ ለመላስ አልተሠራም። ሥጋ በል ነች። የቀዘቀዘ የትንኝ እጭ፣ አርቴሚያ (የጨው ውኃ ትንንሽ ሽሪምፕ)፣ የተከተፈ ሽሪምፕ፣ የሚሰምጥ ጥሩ እንክብል። የምትበላውም የገንዳው መብራት ከጠፋ በኋላ ነው፣ ካልሆነ ሌሎቹ ዓሦች ጨርሰውባት ትከሳለች። ዓይን አፋር ነች፣ ከሚሻማ ዓሣ ጋር አትደባለቅ።

ለመራባት ከፈለግህ ቢያንስ አምስት ስድስት ይዘህ ጀምር፣ ትንሽ ሲሆኑ ወንድና ሴቱ አይለይም። ሲያድጉ ወንዱ ጭንቅላቱ ሰፋ ይላል፣ ጉንጩ ላይ ያሉት እሾሆች ይረዝማሉ። ዋሻ ይመርጥና ያጸዳል፣ በጅራቱ አሸዋውን ይጠርጋል። ሴቷ ስትገባ ከኋላ ገብቶ ይዘጋባታል። እንቁላሉ ትልልቅና ቢጫ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ነው። ለዚህ ነው ውድ የሆነችው፣ ሌላው ዓሣ በመቶ ሲጥል እሷ በጣት የሚቆጠር ነው። ከዚያ በኋላ ሴቷ ትሄዳለች፣ አባትየው ነው የሚታቀፈው። ዋሻው በር ላይ ተቀምጦ በክንፉ ውኃ ያራግብላቸዋል፣ ለመብላት እንኳን እምብዛም አይወጣም። ከተፈለፈሉም በኋላ ሆዳቸው ላይ ያለው አስኳል እስኪያልቅ አያስወጣቸውም። በባትሪ መብራት አትረብሹት፣ ከደነገጠ ገፍቶ ያወጣቸዋል።

የደረቁን ወራት ማስመሰል ይረዳል። ለጥቂት ሳምንት ውኃ መቀየሩን ቀንስ፣ ሙቀቱን ከፍ አድርግ፣ ከዚያ በአንዴ ብዙና ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ጨምር። ዝናብ የመጣ ይመስላቸዋል።

የዝዋይ ልጅ

አባትየው ነው የሚታቀፈው? ጎረምሳዬ ይሄን አይስማ።

እንጦጦ ንፋስ

@ወለተ ሺንጉ እኅቴ ዋሻውን በተመለከተ፣ እዚህ የፋብሪካ ዋሻ አይገኝም፣ ቢገኝም ዋጋው አይጣል ነው። እኔ ሸክላ ሠሪዎች ጋ ሄጄ አሠርቻለሁ። ልኩን ብትነግሪን ለሌላውም ይጠቅማል።

ወለተ ሺንጉ

እንዴት ያለ ሐሳብ ነው! ለዜብራ ውስጡ ስፋቱ ሦስት፣ ሦስት ተኩል ሴንቲ፣ ርዝመቱ አሥራ ሁለት ገደማ። አንድ ጫፉ ድፍን ይሁን። ወንዱ ጀርባውና ሆዱ ሁለቱም ግድግዳውን ሲነኩለት ነው ደስ የሚለው፣ ከሰፋ ሴቷን መያዝ አይችልም። ወለሉ ትንሽ ጠፍጣፋ ቢሆን ጥሩ ነው።

እንጦጦ ንፋስ

ልክ ነው፣ የኔዎቹ ትንሽ ሰፍተዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ለምታሠሩ ሁሉ፦ ሸክላ ሠሪዋ ልማዷ ነውና ካልነገራችኋት ታሟሸዋለች። ዘይት ወይም ጎመንዘር የተቀባ ሸክላ ገንዳ ውስጥ ከገባ ውኃው ፊት ላይ ቅባት ይንሳፈፋል፣ አየር አያስገባም። «ለወጥ አይደለም፣ ሳይሟሽ ስጪኝ» በሏት። ስትወስዱትም ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ውኃውን እየቀያየራችሁ፣ ጭቃው መልቀቁን እስኪያቆም።

ሸጋው (ዱባይ)

ሰውዬውን «አልፈልግም» ብዬዋለሁ፣ ዋጋውን የበለጠ ቀነሰልኝ 😅 ብሎክ አድርጌዋለሁ። ቤት የተራባ ያለው ሰው ሻርጃ አግኝቻለሁ፣ የወላጆቹን ቪዲዮ ልኮልኛል። ለወንድሜ ለጊዜው ኢንቨርተሩን ነው የምልክለት። እንጦጦ ንፋስ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ የት ሰፈር ናቸው? እሱ ሄዶ አሥር ያሠራ፣ አምስቱን ለኔ በሚመጣ ሰው ይላክልኝ።

እንጦጦ ንፋስ

ሽሮ ሜዳ አልፈህ ወደ እንጦጦ ስትወጣ መንገድ ዳር ያስቀምጣሉ። ልኩን በወረቀት ወይም በፕላስቲክ ቱቦ ይዞ ይሂድ፣ በሴንቲ ሜትር ቢነግራቸው አይግባቡም። ጠዋት ቢሄድ ይሻላል።